ክህደት የለበትም ለተባለው ግድያ የቀረበ ምስጋና

የባለቤቴን የአቶ ዓለምሰገድን የግድያ ጉዳይ ላያችሁልን ክቡራን ዳኞች፤

ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? አምላክ ዕድሜ ሰጥቶ ጎረቤታችሁን ከማትፈሩበት ሰፈር ያኑራችሁ እያልኩ፣ እኔ አሰጋሽ፣ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ዳር ከምትገኘው የቡና ማሳዬ ሆኜ ምስጋናዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ የማመሰግናችሁ ስለ ዕርቁ ነው። ባለቤቴና ጎረቤታችን ሙሴ በማሳ ድንበር ተጣልተው ከርመው በሽማግሌ ፊት ተቃቅፈው ታረቁ። ሙሴ ቤቴ ገብቶ፣ ያቀረብኩለትን በልቶ ሲያበቃ፣ «ዓለሜ፣ ነገ ችካሉን አብረን እንተክላለን። ገጀራህን ተወው፤ ሰው ቢያየን ገና አልታረቁም ይለናል» አለው። ባለቤቴም አምኖ ባዶ እጁን ሄደ። ችካሉን ሊተክል ባጎነበሰበት፣ ሙሴ ከጋቢው ሥር ገጀራ አውጥቶ ገደለው። እናንተ ግን በቡና አገር ገጀራ መያዝ የተለመደ መሆኑን፣ ሟቹም የቆየ ጠብ ስለነበረው ሊጠነቀቅ ይገባው እንደነበር አስረዳችሁን። የታረቁትን ሰው ማመን የሟች ጥፋት መሆኑን ሳናውቅ ኖረናልና፣ ስላስተማራችሁን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ሁለተኛው ስለ ምስክሯ ነው። ጎረቤቴ በየነች ከማዶ ቡና ስትለቅም ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች፤ «ስሙን ሲጠራው ቀና ብሎ ዞረ፤ ፈገግም አለለት» አለቻችሁ። እናንተም ሟቹ ገዳዩን ፊት ለፊት ስላየው በክህደት ተገደለ አይባልም ብላችሁ፣ ከከባድ ግድያ ወደ ተራ ግድያ አወረዳችሁት። በየነች «ምነው ፈገግታውን ባልተናገርኩ» እያለች ዛሬም ታለቅሳለች። እኔም ዳኞቹ አልተሳሳቱም፣ የተሳሳተው ፈገግ ያለው ነው እያልኩ አጽናናታለሁ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ልበለው ወይስ ኑሮዬ ልበለው አላውቅም። ሙሴ በአመክሮ ተፈትቶ ሰሞኑን ቤቱ ገብቷል። ውኃ ልቀዳ ወደ ምንጩ የምወርደው በእሱ ደጅ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ማሳውን ልሽጥ ብል ደም የፈሰሰበትን መሬት የሚገዛ ጠፋ፤ ጥዬ ቴፒ እኅቴ ዘንድ ልግባ ብል ለፍተን ያበቀልነው ቡና ለማን ይቀራል? ይህ ሳያንሰኝ እነዚያው ሽማግሌዎች መጥተው፣ «አሰጋሽ፣ ታረቂው እንጂ፤ ጎረቤት አይደለም ወይ?» አሉኝ። እምቢ ብል ቂመኛ እባላለሁ፤ እሺ ብል ከዕርቅ በኋላ የሚሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። በመጨረሻ እሺ አልኳቸው፤ የዕርቁ ቀን የፊታችን እሑድ ሆነ።

ሰው በማን መተማመን እንደማይገባው በግልጽ ስለበየናችሁልን እጅ እየነሣሁ፣

በፍርዳችሁ ታጥራ የምትኖር
ታዛዣችሁ አሰጋሽ

ማስታወሻ፦ መልስ የምትጽፉልኝ ከሆነ እስከ እሑድ ድረስ በእኔ ስም ላኩልኝ፤ ከዚያ የሚዘገይ ከሆነ ግን ቴፒ ላለችው እኅቴ ለጽጌሬዳ ብታደርጉት ይሻላል።