ግማሽ መንገድ የተሰጣቸው እንግዶች

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ አራባ፤

«ቤቱ ሞልቷል፤ እንግዶቹ አንወጣም ብለዋል፤ ከእንግዲህ ለአንድ ሰው እንኳ ቦታ የለም» ብላ እማዬ ባጥር ላይ ለጎረቤት ስትናገር ሰማኋት። ሰው የተናገረውን ማመን ልማዴ ስለሆነ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አራት ወንበር ተውሼ ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ ከእማዬና ከኮምፒውተሩ በቀር ማንም አልነበረም። ወሬውን ከመቀጠሌ በፊት ግን ሰላምታዬን ላድርስ።

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም ያጉረመርማል? ባለቤትሽ ካጊሶ እንዴት ነው? ትንሿ ሌሴዲስ አደገች? የጋቦሮኔ ብርድ ዘንድሮ ጠንክሯል አሉ፤ ጧት ወደ ሆስፒታሉ ስትሄጂ ወፍራም ሹራብ ደርቢ። ስለ ብርዱ ከማን እንደሰማን ወደ ታች ትደርሽበታለሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ዝናቡ በጣራችን ቀዳዳ እየገባ ይጎበኘናል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስደውል እማዬ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ስለምታርም ነው። አሁን እንቅልፍ ላይ ናት።

እማዬ ካምና ጀምሮ የያዘችውን ሥራ ታውቂያለሽ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ስብከቱ ሲረዝም ከመሐል ተነስተው የሚያዜሙት ሴቶች፣ የሚያዜሙት በፋንቲ ቋንቋ ከእናቶቻቸው አፍ የወረሱትን ነው፤ የትም አልተጻፈም። እማዬ ይህንን በስልኳ እየቀዳች፣ አንቺ ትተሽልን በሄድሽው ላፕቶፕ ላይ በሁለት ጣቷ እየለቀመች ስልሳ አንድ መዝሙር አድርሳለች። በጁላይ የመጀመሪያ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ መቶኛ ዓመት ስለሚከበር መጽሐፍ ሆኖ እንዲታተም ተወሰነ። ዓላማው፣ እማዬ በስብሰባ ላይ እንደተናገረችው፣ ሴቶቹ ቃሉ ሲጠፋባቸው ገልጠው እንዲያዩ ነው። ማተሚያ ቤቱም ሐሙስ ካልደረሰኝ አላትምም አለ።

ከስልሳ አንዱ አሥራ አራቱ ከሚያዜሙት ሴቶች አንዷ የነበረችው የማሜ ኤሱዎን ናቸው። ማሜ ኤሱዎን በኤፕሪል አርፋለች፤ እነዚያን መዝሙሮች ከእሷ በቀር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቅ አልነበረም። ድምጿ ያለበት የእማዬ ስልክ ደግሞ በሜይ መጨረሻ ዓሣ ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ ገብቶ በዚያው ቀረ። ስለዚህ አሥራ አራቱ መዝሙሮች በዚህ ምድር ላይ ያሉት ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ማሽኑ አፍ አውጥቶ ተናገረ። ማስታወሻዬ እያነሰ ነው፣ ፕሮግራሞችን ዝጉ የሚል ጽሑፍ መሐል ላይ ተሰቀለ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የማን ማስታወሻ ነው ያነሰው? እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ በአባቴ ጀልባ ላይ የነበሩትን አሥራ አንድ ሰዎች ከነቅጽል ስማቸው እጠራልሃለሁ። ይሄ ገና የትናንት ልጅ ነው፤ አያፍርም?» አለችኝ። አላፈረም። ጭራሽ አንዲት ፊደል ተነክታ እስክትታይ ድረስ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቶ መጨረስ ይቻል ጀመር።

እኔም የተማረ ሰው ነኝና አስተያየት ሰጠሁ። ቦታ ከጠበበ ዕቃ መቀነስ ነው ብዬ፣ የአምስት ዓመት የገናና የልደት ፎቶ ሁሉ ወደ ፍላሽ አዘዋወርኩ። ግማሽ ሌሊት ፈጀብኝ። ማስጠንቀቂያው ወዲያው ተመልሶ መጣ። እማዬ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኤኮው፣ አንተ ያነበብከው ሁሉ ስለ ሞቱ ነገሥታት ነው። በሕይወት ያለ ነገር የሚያውቅ ሰው ጥራ» አለችኝ።

ከገበያው ጀርባ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ፊፊ ባይደንን ጠራሁ፤ ካንቺ ጋር አንድ ክፍል የተማረውን፣ ያንን በሰው ሆድ እየቀለደ የራሱን የማያየውን። ረቡዕ ከሰዓት መጣ። እማዬ ራሷ አስጠርታው ሳለ እንደ ደንቡ አስቀመጠችው፣ ውኃ ሰጠችው፣ ከዚያም ምን ጉዳይ እንዳመጣው ጠየቀችው።

«ሰላም ነው እማማ፤ ታሟል ያሉትን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ ፊፊ።

«ይኸውልህ። አመሉ እንዲህ አልነበረም።»

ፊፊ ጥቂት ነካ ነካ አደረገና ወደ እማዬ ዞረ። «እማማ፣ እዚህ ውስጥ አርባ ሦስት ነገር ከፍተዋል።»

«ሁሉንም አሰናብቻለሁ፤ አልወጡም የሚለው ማሽኑ ነው።»

«እንዴት አድርገው?»

እማዬ ማውሱን ይዛ ከገጹ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰረዝ ነካች። ገጹ ተንሸራቶ ወደ ታች ወረደና ጠፋ። «ይኸው፣ ሄደ» አለች።

እትዬ፣ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ ልሂድ ብሎ ተነስቶ መንገድ ስጡኝ ሲል ሙሉውን መንገድ ሰጥቶ የሚሸኘው አለ? ግማሽ መንገድ ነው የሚሰጠው፤ ሌላው ግማሽ ተመልሶ እንዲመጣ ይቀመጥለታል። እማዬ ያቺን ሰረዝ ግማሽ መንገድ ብላ ይዛት ኖሯል።

ፊፊ ከአጠገቧ ያለችውን የኤክስ ምልክት አሳያት። «ይቺንስ ለምን አይነኩም?»

«እሷን? ሠላሳ ዓመት የሕፃናት ደብተር ያረምኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ ምልክት ተሳስተሃል ማለት ነው። ቤቴ የመጣ እንግዳ ምን አጠፋና?»

ፊፊ የውኃ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እማማ፣ እንግዶችዎ ግማሽ መንገድ ተሰጥቷቸው አንዳቸውም ከበር አልወጡም። አርባ ሦስቱም እዚሁ ቁጭ ብለው እየበሉ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ደግሞ መምህር፣ የቀነስከው ከቁም ሳጥኑ ነው። የጠበበው የመመገቢያ ጠረጴዛው ነው። ቁም ሳጥን ባዶ ስለሆነ ጠረጴዛ ይሰፋል?» አይሰፋም አልኩት።

ከዚያ ቀልዱ ቆመ። የመዝሙሩ ገጽም ከአርባ ሦስቱ አንዱ ነበር፤ እማዬ ደግሞ የማሜ ኤሱዎንን መዝሙሮች መጻፍ ከጀመረችበት ከሜይ መጀመሪያ አንስቶ አንድም ቀን ሴቭ አላደረገችውም፤ ማታ ማታ ክዳኑን ብቻ እየከደነች ነበር የምታስተኛው። ፊፊ ሴቭ ሊያደርገው ሲሞክር ማሽኑ ለዚያም የሚሆን ማስታወሻ የለኝም ብሎ እምቢ አለው። ማሽኑ በጉልበት ቢጠፋ ማሜ ኤሱዎን አብራ ትጠፋለች። ፊፊ ማንም ቁልፉን እንዳይነካ አለና እንግዶቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያልን እንሸኛለን ብሎ ወሰነ። እማዬ፣ እንግዶቹ የእኔ ናቸው፣ የምሸኛቸውም እኔ ነኝ ብላ ወንበሩን ወሰደች።

ሸኘቻቸው። ከፋሲካ ጀምሮ ተከፍቶ የቆየ የካርታ ጨዋታ፣ ስለ ኮኮናት ዘይት ሳሙና አሠራር የሚያወራ ገጽ፣ ሦስት የሬዲዮ ጣቢያ፤ ለእያንዳንዱ «ሙሉ መንገድ ሰጥተንሃል፣ በደህና ግባ» እያለች ኤክሷን ትነካለች። አሥረኛው ላይ ፊፊ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ጣራውን ያይ ነበር።

ከዚያ የጋቦሮኔ የአየር ጠባይ መጣ። ቀጥሎም ጋቦሮኔ። ቀጥሎም። አሥራ ዘጠኝ ቆጠርን።

«እማማ፣ ቦትስዋና እርሻ አለዎት እንዴ?»

«ልጄ አለችኝ። ጧት ጧት ምን ለብሳ እንደምትወጣ አያለሁ።»

«ታዲያ አንዱ አይበቃም? ሁሉም ያው አንድ ሰማይ ነው።»

«አንድ አይደለም። ይሄ ውርጭ የጣለበት ቀን ነው፣ ይሄ ደግሞ ንፋስ የነበረበት።»

ፊፊ ኤክሷን በጣቱ አመለከታት። አሥራ ስምንቱን ሸኘች፤ አንዱን አስቀረች። የጋቦሮኔን ብርድ የነገረን ይህ የቀረው ገጽ ነው።

ቦታ ሲገኝ ፊፊ የመዝሙሩን ገጽ እንደገና ሴቭ አለው። ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። እማዬ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች ሁሉ ብድግ ብላ ቆመች፤ እኔም ቆምኩ። ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች። ስልሳ አንዱም ገቡ። እማዬ የማሜ ኤሱዎንን የመጀመሪያዋን መዝሙር እስከ መጨረሻው ቆማ አነበበችና ተቀመጠች።

የቀረው ቀላል ነበር። ፊፊ መዝሙሮቹን በሁለት ፍላሽ ገለበጠ፤ አንዱን እማዬ ሻሿ ውስጥ ቋጠረችው። ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው፤ ጧት ሲነሳ ማንም ሳይጠራቸው አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ከለከላቸው። ጠረጴዛው ሲሞላ ከቁም ሳጥኑ ላይ ቦታ እንዲዋስ አደረገው፤ የእኔ ፎቶ ማዘዋወር ለዚህ ጠቅሟል ብሏል፣ ይህን ለእማዬ ሁለት ጊዜ ነግሬያታለሁ። በመጨረሻ የማሽኑን ሆድ በብሎን መፍቻ ከፍቶ ማስቲካ የምታክል ሌላ የሜሞሪ ካርድ ሰካለት። የበቆሎ ኬንኬውን በተጠበሰ ዓሣ በልቶ መንገድ ሲለምን፣ እማዬ ለእሱ ግማሽ ብቻ ሰጠችው።

በማግስቱ ሐሙስ መዝሙሮቹ ማተሚያ ቤት ደረሱ፤ መጽሐፉም ትናንት መጣ። ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፤ የማሜ ኤሱዎን ስም ከነፎቶዋ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። እማዬ ሌላ ሃምሳ መዝሙር ከአፓም ከተማ ሴቶች እቀዳለሁ ብላ ስልክ እያስገዛችኝ ነው። ወደ እናንተ በሚመጣው በቄሱ ወንድም እጅ አንድ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ።

ባለቤቴ ማንሳ እጅግ አድርጋ ትናፍቅሻለች፤ ለጉልበትሽ የሚሆን ቅባት በጠርሙስ ልካለች፣ ሽታው አያስደንግጥሽ። ልጆቼ ኩኩዋና ኤቦ ሌሴዲን ሳሚልን ይላሉ። ፊፊ ባይደንም ሰላም በልልኝ፣ ክብደት እንዳልጨመርኩ ንገራት ብሏል፤ እኔ የታዘዝኩትን ጻፍኩ። ካጊሶን ሰላም በይልኝ። እማዬ ግንባርሽን ስማለች።

የሚያዜሙት ሴቶች አሁን ስምንት ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ ደርሷቸዋል። ከእማዬ በቀር ማንበብ የሚችል የለም።

ወንድምሽ ኤኮው
ዊኔባ፣ ቅዳሜ ጁን 29 ቀን 2019