የእህቴን ሁለት ዓመት ስለመመለስ

ለተከበሩ አቶ ክብሩ
የጋራ ንጋት የታዳጊ አትሌቶች ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ሮቤ

ጉዳዩ፦ ሳንጠይቅ የተደረገልንን የዕድሜ ቅናሽ ከምስጋና ጋር ስለመመለስ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሰሞኑን ከዲንሾ በኩል የሚመጣው ብርድ ለጉሮሮ ስለማይስማማ፣ በሜዳው ላይ በድምፅ ማጉያ ያን ያህል ከተናገሩ በኋላ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ ቤተሰባችን ሲያስብ ከርሟል። አላህ ድምፅዎን ይጠብቅልን።

ሃጂራ እባላለሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ብዙ ጊዜ ቢመጡም ወረቀትዎን ስመልስልዎ ቀና ብዬ ስለማላይ መልኬን አያስታውሱትም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ደብዳቤ መጻፍ የለመድኩት ከማባዛቸው ማመልከቻዎች ስለሆነ፣ ስህተት ቢያገኙ ከባለጉዳዮቹ የወረስኩት ነው።

የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ እህቴ ስለ ረቢያ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከእናንተ ሜዳ ዳር ሆና የማዕከሉ ሯጭ ሰቢሪና ስታልፍ ከኋላዋ ትሮጥ ነበር። ሰቢሪና ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች በተደረገው የአገር ውድድር አንደኛ የወጣች ቀን፣ ረቢያ ድምፅዋ እስኪዘጋ «ፊጊ፣ ፊጊ» እያለች በቴሌቪዥን ውስጥ ያለችውን ልጅ ሩጪ ስትላት ዋለች። ሰቢሪና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው ብላት ስለነበር፣ እሷን ለመድረስ አምስት ዓመት ይበቃኛል ብላ ደብተሯ ጀርባ ላይ አምስት መስመር አሰመረች። በየዓመቱ አንዱን ልትሰርዝ ነበር።

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ላይ የሰቢሪናን የእጅ አንጓ ራጅ አንስተው ከአሥራ ስምንት ዓመት ማለፏን ደረሱበት፤ እሷም ሃያ ሁለት መሆኗን አመነች። ሜዳሊያው ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ማዕከሉ ስላደረገልን ነገር ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በማዕከሉ ግንብ ላይ የነበረውን የሰቢሪናን ሥዕል ወሬው በተሰማ ማግስት፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይወጡ፣ በኖራ ስላስጠፉልን እናመሰግናለን። ኖራው ስላልበቃ ይሁን ሠራተኛው ስለተቻኮለ፣ ከጉልበቷ በታች ያለው እግሯ እስከ ዛሬ ይታያል። ረቢያ ያን ቀን እዚያ ግንብ ሥር ቆማ፣ ፊቷ ጠፍቶ እግሯ ለምን እንደቀረ ጠየቀችኝ።

2. ልጆቹን ሜዳ ላይ ሰብስበው ስለሰጡት ምክር እናመሰግናለን። ውሸታም ጀግና ሊሆን እንደማይችል ካስረዱ በኋላ «እኛም እንደ እናንተው ተታለናል» ብለዋል። እኔ ከኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። የባለጉዳይን ወረቀት አይቶ እንዳላዩ መሆን የሥራዬ ደንብ ነው፤ ለዛሬ ብቻ ይህን ደንብ ስለማፈርሰው ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሰቢሪና የልደት ወረቀት ሁለት ጊዜ በእጄ አልፏል። የመጀመሪያው 1995 ይላል፤ ሁለተኛው 2000 ይላል። ሁለተኛው እንዲወጣ የተጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ የእርስዎ ፊርማና ክብ ማኅተም ነበረበት፤ በሦስት ኮፒ አባዝቼ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከተታለሉት መካከል ራስዎን ሲቆጥሩ ትሕትናዎ በጣም ገረመኝ።

ከዚያ ንግግር በኋላ ረቢያ መሮጥ ተወች። የሹራቧን እጀታ እስከ ጣቷ እየሳበች መሄድ ጀመረች፤ ምን ሆነሽ ብላት አጥንት የሰውን ነገር ሁሉ ያውቃል ወይ አለችኝ። እናታችን ሌላ ጀግና ፈልጊ፣ አገሩ በሯጭ የተሞላ ነው አለቻት። የሰፈር ልጆች ደግሞ «አያትሽ ሰቢሪና እንዴት ናት?» እያሉ አበሸቋት። እኔ ምን እንደሚባል ስላላወቅኩ እሑድ ዕለት ሰቢሪና ወዳለችበት ወደ ጎባ ይዣት ሄድኩ።

ሰቢሪና እናቷ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። እንደ ወትሮው በኦሮምኛ ሰላም አለቻት፤ ረቢያ ሰላምታውን አልመለሰችም። አሥራ ሰባት ነኝ ብለሽኝ ነበር ብቻ አለቻት። ሰቢሪና እርጥብ ልብሱን እንደያዘች ቁጢጥ ብላ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ሩጫው የእኔ ነው፤ ዕድሜው ውሸት ነው» አለቻት። «ወረቀቱን ያመጡልኝ ሌሎች ናቸው፤ አውቄ የሮጥኩበት ግን እኔ ነኝ። ከእኔ ኋላ ሁለተኛ የገባችው ልጅ የእውነት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስታለቅስ አይቻታለሁ።»

ክቡር ሆይ፣ በድምፅ ማጉያ አልተናገረችም። ቢሆንም ከሁለታችሁ የማን ምክር እህቴ ጆሮ እንደገባ ልነግርዎ እችላለሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ረቢያ የማዕከሉ ወረቀቶች የሚባዙት እኔ ጋ መሆኑን አስታወሰችና ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺም ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ከአጠገቤ ልትነሳ አልቻለችም፤ ፊቷን ብቻ ወደ መስኮቱ አዞረች። ሮቤ እስክንገባ አላየችኝም። ከዚያ በኋላም ስምንት ቀን አላናገረችኝም። እርስዎን ስወቅስ ራሴን ከወቀሳው ያወጣሁ እንዳይመስልዎ ነው ይህን የምጽፈው። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ዓይን አፋርነት ግን ጥሩ መደበቂያ እንጂ ምክንያት አይደለም።

3. በዘጠነኛው ቀን አሰልጣኝ ጃርሶ ዕድሜያቸው ከአሥራ አንድ ያልበለጠ ታዳጊዎችን ለመመልመል የተሞሉ ቅጾችን ለኮፒ አመጡልኝ። ልጆቹ ሜዳ ዳር ሲሮጡ ማዕከሉ ስማቸውን ይመዘግብ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከላይ ሦስተኛው ቅጽ የረቢያ ነበር። እህቴ 2005 ዓ.ም. ስትወለድ እኔ በር ላይ ቆሜ አስታውሳለሁ፤ ቅጹ ግን 2007 ይላል። ስለ ውሸት ባስተማሩን በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ዓመት በነፃ ስለሰጧት ከልብ እናመሰግናለን። አሰልጣኙን የእህቴ መሆኑን ነግሬ ቅጹን ወደ ቤት ልውሰደው ስላቸው፣ አመስጋኝ መስያቸው ሳቁልኝና እንኳን ደስ አላችሁ አሉኝ።

ቅጹን ለእናታችንና ለረቢያ አሳየኋቸው። እናታችን ለረጅም ጊዜ አየችው። በማዕከሉ የተመዘገቡ ልጆች ምሳ እንደሚበሉ፣ ጫማም እንደሚሰጣቸው ታውቃለች። ሁሉም ያደርገዋል አለች፤ ሁለት ዓመት ማንን ይጎዳል አለች። እኔ መልሱን በሆዴ እያሰብኩ ሳለሁ፣ ስምንት ቀን ያላናገረችኝ እህቴ መለሰች።

«ሁለተኛ የምትወጣውን» አለች።

እናታችን እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ለረቢያ ሰጠቻት። ረቢያ 2007ን በአንድ መስመር ሰርዛ ከላዩ 2005 ብላ ጻፈች፤ የእጅ ጽሑፏ ስለማያምር ይቅርታ ያድርጉልን። በዚህም ምክንያት ከምልመላው ውጪ መሆኗን ተረድተናል። ቅዳሜ በሚደረገው ክፍት ውድድር ከአሥራ ሦስትና ከአሥራ አራት ዓመት ልጆች ጋር ትሮጣለች። ምናልባት መጨረሻ ትወጣለች። ትናንት ማለዳ ብቻዋን ሜዳው ላይ ልምምድ ስታደርግ አይቻታለሁ፤ ከፊቷ ማንም አልነበረም፤ መሮጡ ግን እንደ ድሮው አያስቃትም። ይህን ደግሞ እንዴት እንደምንመልስላት ማዕከሉ መመሪያ ካለው ቢልክልን እናባዛዋለን።

ሁለቱን ዓመት ከዚህ ጋር አያይዘን መልሰናል። እኛ ስላልተጠቀምንባቸው አዲስ ናቸው፤ ለሌላ ልጅ ከመስጠትዎ በፊት ግን ወላጆቿን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ሰዎች ፊት ልነግርዎ ያልቻልኩትን በወረቀት እንድነግርዎ ስለታገሡኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤

አንገቷን እንደደፋች ወረቀትዎን በሁለት እጇ የምትቀበለው፣
ሃጂራ

ግልባጭ፦
ከሰቢሪና ቀጥላ ለገባችው ልጅ (አድራሻዋን ስለማናውቅ ማዕከሉ እንዲያደርስልን)

ማስታወሻ፦ በቅጹ ግርጌ «የወላጅ ፊርማ» በሚለው ቦታ የአባታችን ስም ተጽፎ፣ ከጎኑ ተፈርሞ አገኘነው። አባታችን ወደ አኺራ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በሕይወት ሳለም መጻፍ ስለማይችል በአውራ ጣቱ ነበር የሚፈርመው። የፈረመለት ሰው እጁ በጣም ያምራል፤ ማን እንደሆነ ቢነግሩን እናታችን ልታየው ትፈልጋለች።