ጃን ተከል ላይ የተውኸው ወሬ

ጥር 14፣ ጎንደር። ዛሬ ጠዋት ከፒያሳ እስከ ጃን ተከል ዋርካ በእግሬ ስሄድ አስቁመው «ነፍስ ይማር» ያሉኝ ሰዎች አሥራ ሦስት ናቸው። በስም የማውቀው አንድም የለም።

ታዴ ሆዴ፣ ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ሳንጃ ያለው ቤታችን ደህና ነው። የሰሊጥ ሱቃችንን በር ወደ ዋናው መንገድ አዙሬዋለሁ፤ ብትኖር ኖሮ ፀሐይ ይገባል ብለህ ትከለክለኝ ነበር። ሬዲዮህን የሚከፍተው የለም።

የመጣሁት ለክርክር ነው። እኅትህ እትዬ ዘውዴ ሙት ዓመትህ ጎንደር ካልሆነ ብላለች። እኔ ደግሞ መቃብርህ ካለበት ከሳንጃ አይወጣም ብያለሁ። ለሰው የነገርሁት ምክንያት የመንገዱን ርቀት ነው። እውነቱን ላንተ ልጻፈው፤ በዚች ከተማ እቀናለሁ። ሌላ ሴት ብትኖርህ ጠጉሯን በያዝሁ፤ አደባባይን ምኑን ይይዙታል?

በየዓመቱ ለጥምቀት ስንመጣ፣ ከፒያሳ እስከ ግንቡ የሩብ ሰዓት መንገድ ግማሽ ቀን ይፈጅብህ ነበር። ትሳሳማለህ፣ ትስቃለህ፣ እንደገና ትሳሳማለህ። እኔ ዘንቢሌን ይዤ እልፍ ብዬ «በቃ እንሂድ» እያልሁ እቆማለሁ። ሳንጃ፣ በራችን ላይ ተቀምጠህ ከሦስት ቃል በላይ የማይወጣህ ሰውዬ፣ እዚህ ወሬህ አያልቅም። ይህን ሰው ያገባችው ጎንደር ናት እል ነበር በሆዴ።

ዛሬ ዋርካው ሥር ጥላ የሚጠግኑት ሽማግሌ ጠሩኝ። «ያቺ ‹በቃ እንሂድ› ባይዋ! ዛሬ ደግሞ ምን አስቸኮለሽ?» አሉኝ። «አያ፣ የሚያስቆመኝ ሞተብኝ» አልኋቸው። የያዙትን ጥላ አስቀመጡና ስለ እኔ ትላቸው የነበረውን ነገሩኝ፤ «ሚስቴ ሰሊጥ በመዳፏ አሽታ እፍ ስትል፣ የሻጩ ውሸት ከገለባው ጋር ይበናል» ትል ነበር አሉ። አጠገባቸው ያለው ጫማ ሰፊም ሌላ ጨመረልኝ። በአደባባዩ ዙሪያ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ደስ ያለኝ መስሎሃል? ይባስ ቀናሁ። ምነው ታዴ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አጠገብህ ስተኛ አንዷን እንኳ ለእኔ ብትላት? ለጥላ ጠጋኝ ምን ትጠቅመዋለች?

ቆይቼ ግን እንደ ነጋዴ አሰብሁ። ዕቃው ያለው ጎንደር ነው፤ ሳንጃ ድረስ ልጭነው አልችልም። እትዬ ዘውዴን ሙት ዓመቱ እዚሁ ይሁን አልኋት። ስትደነግጥ ውሌን አስከተልሁ፤ የአደባባዩ ሰው ሁሉ ይጠራ፣ የበላም አንተ ስለ እኔ ያልኸውን ሳይነግረኝ ከድንኳን አይወጣም። «አንቺ በሙት ዓመትም ትነግጃለሽ!» ብላ ሳቀች። ከሞትህ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

የሚነግሩኝን ሁሉ በዚህ ደብተር እጽፈዋለሁ፣ እንዳይጠፋ። በር ላይ የሚቀመጠውን ዝምተኛውን ታደለን ግን አልጽፈውም። እሱን እኔ እይዘዋለሁ፤ ለማንም አላካፍለውም።

ነገ ጠዋት ድንኳን አከራዩ ዘንድ መሄድ፤ ከዚያ ለጥላ ጠጋኙ ቀኑን መንገር።