ሳትሞት የተቀራላት ኤሊ

ለልጅ ልጄ ለመሊካ፣ ያለሽበትን የሚያውቅ አላህ ሰላምታዬን ያድርስልኝ። እኔ አያትሽ ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

እዚህ ዓረብ አገር፣ አል ራዋቢ ሰፈር ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ አሁንም እጠርጋለሁ። ባለፈው አንዲት ማዳም ቅርፊቷ የተሰነጠቀ ኤሊ አመጣች። ዶክተሩ ኤሊዋን ክንዷ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ወጋት፤ አንገቷ ተዘረጋ፣ ትንፋሿም ጠፋ። እኔ ሞኙ "ኢና ሊላሂ" ብዬ ዓይኗን ልከድን እጄን ስሰድ ዶክተሩ በሳቅ ፈረሰ።

"ያ ሃጂ፣ ማፊ ሞት! ኤሊ ዝም ስላለች ሞተች አይባልም" አለና የልብ ማድመጫውን አንገቷ ሥር አስጠግቶ አሰማኝ። ሹ... ብሎ ይቆያል፤ አለቀ ስትይ ደግሞ ሹ... ይላል። እስክትነቃ አምስት ሰዓት አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንቺም ጨው ግዢ ስትባይ እንዲሁ ነበርሽ፤ ወጡ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው የምትመለሺ!

ጀልባ ልሳፈር ነው፣ ወደ አንተ እየመጣሁ ነው ብለሽ ከኦቦክ ወደብ ከደወልሽልኝ አራት ወር ሆነ። ትናንት እዚህ ቱቅባ ጎረቤቴ የሆነችው ሃፊዛ ምንጣፍ ተሸክማ መጣች።

"አባባ ቱፋ፣ ሰው ይምጣና ለለቅሶ ይቀመጥ፤ እርስዎም ያችን ቃል ይበሉ" አለችኝ።

"ለማን?" ብዬ ምንጣፏን ጠቅልዬ መለስኩላት።

አልጋሽን በመስኮቱ በኩል አድርጌዋለሁ። በሩን ስታንኳኪ ግን ስሜን ጥሪ፤ ሰሞኑን ነፋሱ እያንኳኳ አሞኝቶኛል።

በአማና ለአላህ ሰጥቼሻለሁ።

አያትሽ ቱፋ