ቃለ ጉባኤው ላይ ያልጻፍኩት መልስ

ጎባ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጁሀራ፣

ስለ ጤናዬ አልጽፍልሽም። ጉልበቴ ብርድ ሲሆን ያመኛል፤ ጎባ ደግሞ ምን ጊዜም ብርድ ነው። ያንቺን ከልጅ ልጅሽ ከኡርጂ ሰምቻለሁ። ዓይንሽ እንደ ደከመ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እሷ ታንብብልሽ። ከእሷ የምደብቀው የለም። እንዲያውም እንድትሰማው እፈልጋለሁ።

የልጅ ልጅሽ ማክሰኞ ዕለት መጣች። ሳታንኳኳ ገብታ «አኮ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የልጅ ልጅሽ እኔንም አያቴ ስትለኝ ስሰማ ደስ አለኝ፤ ግን አልነገርኳትም። «መጀመሪያ በሩን ዝጊ፤ ቀጥሎ ጫማሽን ጥረጊ» አልኳት። ሳቀች። ያንቺን ሳቅ ነው የሳቀችው፣ ትከሻ የሚያንቀጠቅጠውን።

«አኮ ጁሀራ ልክ እንደዚህ እንደሚሉኝ ነግራኝ ነበር። ተወራርደናል» አለችኝ።

«ማን አሸነፈ?»

«እሷ። እኔ መጀመሪያ ይስሙኛል ብዬ ነበር።»

ሳምኳት። ከዚያ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቴ አቆመችና ወሬውን ጀመረች። የአንገቱ ከተማ ቡና ለቃሚ ሴቶች ማኅበር ማቋቋማቸውን፣ ቡናቸው በራሳቸው ሚዛን ካልተመዘነ አናስረክብም ብለው ከነጋዴው መጋዘን በር ላይ ሦስት ቀን መቆማቸውን፣ መርታታቸውን ነገረችኝ። አሁን መሰብሰቢያና ማንበቢያ የሚሆን አንድ ክፍል አግኝተዋል። በታኅሣሥ ይመርቁታል። ስሙን «ቢፍቱ» ሊሉት ነው።

በልጅሽ ስም መስሎኝ ነበር። ለካ በእኔ ነው።

ያን ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ በ1968፣ እያንዳንዳችን የምሥጢር ስም እንያዝ ሲባል። ኦሮምኛ ታስተምሪኝ ነበር፤ እኔም ቃሉን ሁሉ በደብተር እየከተብኩ አሰለችሽ ነበር። «አንቺ ጎሕ ሳይቀድ ሰው ትቀሰቅሻለሽ፤ ቢፍቱ ተባዪ፣ እንደ ማለዳ ፀሐይ» አልሽኝ። ኋላ የመጀመሪያ ልጅሽን በዚያ ስም ጠራሻት።

«አኮ ጁሀራ የነገረችኝን እርስዎም በድምፅዎ ይድገሙልኝ» አለችኝ ኡርጂ። «ምረቃው ላይ እናሰማዋለን። እንዴት አድርገው እንዳዳኗት።»

«አጥፊው» አልኳት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ስልኩን ነው። አጥፊው።»

ጁሀራ፣ እኔ አላዳንኩሽም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ልነግርሽ የሚገባኝ ይህን ነበር።

የጥናት ክበባችንን ደንብ ታስታውሺያለሽ። ሰባት ነበርን፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል እንሰበሰባለን። ዳቢሴ ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ። ጸሐፊ ያደረጉኝ በማስመሪያ ጣቴን እየተመታሁ የተማርኩ ስለሆንኩና ጽሕፈቴ ከመስመር ስለማይወጣ ነው። ንባቡ ሲያልቅ ሂስና ግለ ሂስ ይቀጥላል። ጸሐፊዋ ክሱን ትጽፋለች፣ ቀጥሎ የተከሳሹን መልስ፣ በመጨረሻ ውሳኔውን። መልስ ሳይጻፍ ውሳኔ አይጻፍም የሚል ነበር ደንቡ።

አንድ ቀን ገሰራ ገበያ የቅስቀሳ ወረቀት ልንበትን ነበር። ሴቶቹን ሰብስበሽ የምታመጪልኝ አንቺ ነበርሽ። ወረቀቱን ገብስ የያዘ ቅርጫት ሥር ደብቄ፣ ወታደር ባለፈ ቁጥር ገብሱን እንደ ገዢ እየዳበስኩ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። አልመጣሽም። የመጣሽው በማግስቱ ነው፤ ቀሚስሽ እስከ ጉልበትሽ ጭቃ ነበር።

ስብሰባው ላይ ዳቢሴ ጠየቀሽ። ያልሽውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «መንገድ ላይ ካለ ጎጆ ጩኸት ሰማሁ። ምጥ የያዛት ሴት ነበረች፤ ባሏ ቆላ ወርዷል፤ ከአንዲት ሕፃን ሌላ ሰው የለም። ጥያት ልሂድ?»

«ምን ወለደች?» አለሽ ዳቢሴ። ክሱን ረስቶት ነበር።

«ሴት። እግሯ ነው ቀድሞ የመጣው።»

እኔ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ «ስብሰባና ግዳጅ ምጥ እስኪያልቅ አይጠብቅም» አልኩ።

ዞረሽ አየሽኝ። «ምጡስ ስብሰባ እስኪያልቅ ይጠብቃል?» አልሽ።

ሁሉም ሳቁ። ዳቢሴ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ያ ሳቅ ነው የፈረደብሽ፣ ጁሀራ። እኔ ደንቡን አነሣሁ፤ ሦስተኛ ጊዜሽ መሆኑን ቆጠርኩ። አንዴ ለለቅሶ፣ አንዴ ለአንዲት አሮጊት ድንች ልትቆፍሪ ቀርተሽ ነበር። «ንዑስ ከበርቴያዊ ስሜታዊነት» የሚል ቃል ከመጽሐፉ አወጣሁ። በዚያ ቃል ላይ የሚከራከር ስላልነበረ ለሦስት ወር ታገድሽ። ዳቢሴ ራሱ «ይሁን እንግዲህ» አለ፤ ፊቱን ግን ወደ እኔ አላዞረም።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ክሱን ጻፍኩ። ውሳኔውን ጻፍኩ። «መልስ» ከሚለው ሥር «አልሰጠችም» ብዬ ጻፍኩ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። የገሰራ ሴቶች እኔን «ባርሲስቱ» ይሉኝ ነበር፤ መምህርት ማለታቸው ነው፤ ሳነብላቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። አንቺ ግን አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ገብስ እየለቀምሽ ትቀልጃለሽ፤ እነሱም «ጁሀራ ኬኛ»፣ የእኛ ጁሀራ፣ ይሉሻል። እኔ ስለ ሰፊው ሕዝብ ሦስት መጽሐፍ አንብቤ ነበር። ሰፊው ሕዝብ ግን አንቺን ነበር የሚወደው። ቅናት ነበር። ያኔ ዲሲፕሊን እለው ነበር።

የሚቀጥለው እሑድ ወታደሮች መጡብን። አንቺ ስለታገድሽ አልነበርሽም። ስድስታችንን ወሰዱን። ዳቢሴ አልተመለሰም።

ከሁለት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ ስፈታ፣ አንቺ የሳነቲን ደጋ ተሻግረሽ መጥተሽ እናቴ ቤት በር ላይ ትጠብቂኝ ነበር። አግብተሻል፣ ቢፍቱን በጀርባሽ አዝለሻል። አቀፍሽኝና በጆሮዬ «ገብቶኛል። ክትትል እንዳለብን ቀበሌ ከሚሠራው አጎትሽ ሰምተሽ ነው ያገድሽኝ። እኔን ከአደጋው ልታርቂኝ ነው» አልሽኝ።

ምንም አልሰማሁም ነበር። አጎቴ ከእኔ ጋር አይነጋገርም ነበር። ግን ፀጉሬ ተላጭቷል፣ ሰው ካቀፈኝ ስንት ጊዜዬ ነበር፤ ያልሽው እውነት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። ዝም አልኩ። አንቺም ዝምታዬን ትሕትና አደረግሽው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከሐረና ማር ትልኪልኛለሽ። እኔም በላሁት።

ዘንድሮ ኡርጂ ያመጣችውን አልከፈትኩትም።

ስልኩን ካጠፋች በኋላ ዝም ብትል ኖሮ ምናልባት ዘንድሮም አልፈው ነበር። ወደ እኔ ጠጋ ብላ «አኮ፣ እርስዎ ሥርዓት ያውቃሉ፤ አንድ ነገር ያሳዩኝ» አለችኝ። ዙሀይራ የምትባል አባላቸው መጋዘኑ በር ላይ በቆሙበት በሁለተኛው ቀን ቀርታለች። ኮሚቴው ከአባልነት ሊሰርዛት ወስኗል። ውሳኔው እንዴት እንደሚጻፍ ነው የጠየቀችኝ።

«ለምን ቀረች?»

«እናቴ ታማብኝ ነው ትላለች።»

«ሄዳችሁ አያችኋት?»

«እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን ነበር እኮ፣ አኮ! ሁሉም እናት አለው።»

«ጸሐፊዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«መልሷን ጽፈሻል?»

«ሰበብ ነው ብለን ተውነው።»

የገዛ ድምፄን ነበር የሰማሁት፣ ያውም ያንቺን ከመሰለ ፊት። «መጀመሪያ እናትየዋን ሄደሽ ጠይቂ» አልኳት። «ውኃ ቅጂላቸው። እሳታቸው ከጠፋ አንድጂ። መልሷን ከነሙሉ ቃሉ ጻፊ። ከዚያ ኮሚቴው የሚወስነውን ይወስን።»

አኮረፈች። ከንፈሯን ጥላ «እርስዎም እንደ አኮ ጁሀራ ሆኑብኝ» አለች። ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም፤ አይገባኝምም።

እንግዲህ ግለ ሂሴ ይኸው ነው። ቃለ ጉባኤው ያን እሑድ ከእኛ ጋር ተወስዷል፤ የጎደለውን ግን እዚህ እሞላለሁ። «ጓድ ጁሀራ ስትመልስ፦ መንገድ ላይ ምጥ የያዛት ሴት እንዳገኘች፣ ባሏ እንዳልነበረ፣ ጥላት ልትሄድ እንዳልቻለች፣ ሕፃኗ በእግሯ እንደ መጣችና እናትና ልጅ በሕይወት እንዳሉ አስረድታለች።» ፈርሜበታለሁ።

ክፍሉን በእኔ ስም አትጥሩት። ልጅሽ ስሟን ትያዝ፤ እሷ ከእኔ በተሻለ ይዛዋለች። ዳቢሴ ቢኖር ምን ይል እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት አሁንም ፊቱን አያዞርልኝም።

ኡርጂ ሰኞ ትመለሳለች፤ ይህን ይዛልሽ ትመጣለች። እኔ በሳምንቱ ሰኞ ወደ መና በሚሄደው አውቶቡስ እነሣለሁ። ጉልበቴ ሳነቲን ባይወደውም እመጣለሁ። ማሩን ይዤው እመጣለሁ። በርሽ ላይ እቆማለሁ፤ ግቢ ካላልሽኝ ማሩን አስቀምጬ እመለሳለሁ፤ አልቀየምሽም። ግቢ ካልሽኝ ግን አዲስ ደብተር ይዣለሁ። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ የፈለግሽውን ያህል፣ ስለ እኔም ቢሆን። እኔ አንድ ቃል ሳልተው እጽፋለሁ።

እኅተማርያም

(የምሥጢር ስሜን አልጻፍኩም። ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ልትነሺኝም ትችያለሽ።)