የዘንዶው ሳል

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ዝናብ። የናይሮቢው ሰፈራችን ኢስትሊ ጭቃ በጭቃ። ከፋሲካ ወዲህ መጋረጃ የሚገዛ የለም... ደስ አለኝ። ነጋዴ እንዲህ ይላል? ከጥቅልሎቹ ጀርባ ተቀምጬ ልብ ወለዴን ስጽፍ ዋልኩ። ጠጅ ቀጂው ጀግናዬ ልዕልቲቱን ሊያድን ዋሻው ደረሰ። እሷ ግን ከዘንዶው ጋር ገበጣ እየተጫወተች ነው። እየረታችውም ነው። ዘንዶው መሸነፍ ሲጀምር ጠጠር ይደብቃል።

ዘንዶውን ከየት እንዳመጣሁት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሳት ከመትፋቱ በፊት ሦስቴ ያስላል። አከራያችን ጋሽ ገብረመድህንም ደረጃ ሲወርዱ እንደዚያው ናቸው። ሳላቸው ሲሰማ ፎቁ በሙሉ በሩን ይዘጋል።

ምዕራፉን ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ማን ያውቅብኛል?

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ምሳ ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ የሩሐማ አክስት ምግብ ቤት። ሂሳብ ተቀባይዋ ሩሐማ ናት... ምግቡማ ሰበብ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ገና ሳልለጥፈው አስነበብኳት። ስትስቅ ቆየችና ስልኩን አስቀመጠችው።

«ዘንዶውን ገደለና በፈረስ ጭኗት ሄደ?»

«ጀግና ነዋ።»

«ይሄ እኮ ጠለፋ ነው። ሽማግሌ አይልክም?»

ወላጅ የለውም፣ ዘመድ የለውም አልኳት። ይፈልጋ፣ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ... ፓርክላንድስ ሱቅ ያለው ባንታየሁ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አክስቷ እትዬ አያልነሽ ይምጡ ብለዋል።

«እኔ እምቢ እላለሁ። ግን ማንን ጠብቀሽ ነው ብትለኝ ምን ልበላት? ሳዋ?»

ሳዋ አልኩ፣ በስዋሂሊ እሺ ማለቴ ነው። ምኑ ነው ሳዋ? እናቴ ደሴ ናት፣ አባቴ የለም። ናይሮቢ ውስጥ የሥጋ ዘመድ የሚባል የለኝም።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

የደብራችን አባት ሽማግሌ ሊሆኑልኝ እሺ አሉ። ጎረቤት ሱቅ ያሉት ሐጂ አብዱልፈታም «ልጄ አይደለህ እንዴ» አሉኝ። አፈ ጉባኤ የሚሆን ግን ጠፋ። እንደ አባት የሚናገርልኝ...

ምዕራፉን ቀየርኩት። ዘንዶው አልሞተም። ስምንት መቶ ዓመት የኖረ፣ ከሱ ወዲያ ሽማግሌ የት አለ? ጋቢ ለብሶ፣ ልዕልቲቱን ለጀግናዬ ሊለምን ንጉሡ ፊት ቀረበ። ተቀመጥ ሲሉት «ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም» አለ። ደግሞም የሚችለው ወንበር የለም። ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁ። ከላዬ የሚኖሩት ጋሽ ገብረመድህን ናቸው። ምዕራፉን ለጠፍኩት።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ደረጃው ላይ ሳል ሰማሁ። በሬን ዘጋሁ። ፈሪ።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

ጋሽ ገብረመድህን ጋ ወጣሁ። አንኳኳሁ። ስለ ሩሐማ፣ ስለ ባንታየሁ፣ ዘመድ ስለማጣቴ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አፈ ጉባኤ ይሁኑልኝ አልኩ።

«ስማ ታዴዎስ። ዘንዶው እኔ ነኝ?»

አዎ ጋሼ፣ አልኩ።

«እኔ ገበጣ ላይ አላጭበረብርም።»

ለካ ቴሌግራም ላይ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ሲከታተሉኝ ኖረዋል። ከዚያ ሳቁ... ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጋቢያቸውን አውጥተው ማየት ጀመሩ፣ ብል በልቶት እንደሆነ።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሄዱ። እኔ ሱቅ ውስጥ ያንኑ መጋረጃ ሳጥፍና ስዘረጋ ዋልኩ። ሩሐማ ከማዕድ ቤት ሆና ትጽፍልኛለች። «ቆመዋል።» «አክስቴ ተቀመጡ ብትል እምቢ።» «ሦስቴ ሳሉ፣ አስተናጋጆቹ ሸሹ።» በመጨረሻ «ልጄ ነው፣ አሉ።»

ልጄ ነው... አለቀስኩ፣ ምን ይደረጋል።

ወጉ ነውና እትዬ አያልነሽ መክረን እንንገራችሁ፣ በሳምንቱ ተመለሱ ብለዋል።

ግንቦት 3፣ እሑድ

እሺ አሉ! የባንታየሁ ሽማግሌዎች በትህትና ተሸኙ።

ማታ ሩሐማና አክስቷ ሊጠይቁኝ መጡ። ደረጃው ላይ ሳል ተሰማ፤ ሮጬ በሬን ከፈትኩት። ጋሼ ናቸው፣ ገበጣቸውን ታቅፈው። ከሩሐማ ጋር ተጫወቱ፣ ተሸነፉ። ስንቆጥር ሁለት ጠጠር ጎደለ።

ጋቢያቸው ውስጥ አገኘናቸው።