የወይራ ሽታ ያለው ውስኪ

ይድረስ ለልጄ ለወይንእሸት፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ እስከ ቢቸና ገበያ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ወጤንም ራሴ እሠራለሁ።

ከስኮትላንድ የላክሽልኝ ሁለት ውስኪ ደረሰኝ፤ ተባረኪ። "መጀመሪያ ያሽትቱት፣ ከዚያ የወደዱትን ይምረጡ" ስላልሽ ከጎረቤታችን ከመምህር ባምላኩ ጋር ቀመስነው።

እሱ አንዱን አሽትቶ "ጋሽ ሰማው፣ ይኼስ በወይራ የታጠነ ጋን ነው!" አለኝ። እኔም ብርጭቆዬን አሽትቼ "ልክ ነህ፣ ወይራ ነው" አልሁት።

"እርስዎ የያዙት እኮ ሌላኛው ነው!" ብሎ ሳቀብኝ።

ድሮ አረቄ በመዳፌ አሽቼ የማን እጅ እንደሆነ በሽታው እለይ ነበር።

ማክሰኞ አጠገቤ ወጡ ሲያርር ጎረቤታችን ማናለሽ ከግቢዋ ሸቷት ሮጣ ገባች። የተቃጠለው ድስት ከእሷ የተዋስሁት ነበርና እኔው እተካላታለሁ፤ አንቺ አታስቢ።

የመረጥሁት የጢሱን ነው። ከዚህም ጢሱ የበረታ ካለ ላኪልኝ።

ዓይንሽን በሰላም ያሳየኝ።

አባትሽ ሰማው